ካርቡራቶሩ ሲነሣ ሥራውን ማን ይረከባል? በአሮጌ መኪኖች የነዳጅ ታንክ ማሻሻያ ላይ የቀረበ አስተያየት

አንድ አሮጌ ቮልስ ዋገን አዲስ አበባ በሚገኝ ጋራዥ ከካርቡራቶር ወደ ኢንጀክሽን ተለውጦ ከወጣ በኋላ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ቅሬታው ግልጽ ነበር፤ ታንኩ ውስጥ ሩብ ያህል ነዳጅ ሲቀር፣ መኪናው አደባባይ በዞረ ቁጥር ሞተሩ ይጠፋል። ሴንሰሩ ተለወጠ፤ ፓምፑ ተለወጠ፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተፈተሸ። ችግሩ ግን ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። ከነዳጅ መሙያው አንገት ጋር ከተቀጠለች አንዲት የመልስ ቱቦ በቀር በለውጡ ወቅት እጅ ያልገባበት አንድ ክፍል ብቻ ነበር፤ እርሱም የነዳጅ ታንኩ ነው። ጥፋቱም የተገኘው እዚያው ነበር። የመኪናው ፋብሪካ በዚህ አይወቀስም፤ ታንኩን የሠራው ለካርቡራቶር እንጂ ለኢንጀክሽን አልነበረምና።

ይህን ገጠመኝ ያነሣሁት በአንድ ጋራዥ ላይ ለመፍረድ አይደለም። በእኔ አስተያየት ስሕተቱ የአንድ ባለሙያ ሳይሆን የአንድ አስተሳሰብ ነው። ታንክን እንደ ባዶ ዕቃ፣ ነዳጅ እንደሚቀመጥበት በርሜል እናየዋለን። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን የተለየ ነው፤ በኢንጀክሽን በሚሠራ መኪና ላይ የነዳጅ ታንክ የሞተሩ ሥርዓት አንዱ አካል ነው፤ ስለዚህ ማሻሻያው ከታንኩ መጀመር አለበት። የሚጀመርበትም መንገድ አሮጌውን ታንክ መቁረጥና መበየድ መሆን የለበትም።

ፋብሪካዎቹ ያደረጉት

ቮልስ ዋገን እ.ኤ.አ. በ1967 ለአሜሪካ ገበያ ባዘጋጀው 1600 ሞዴል ላይ ዲ-ጄትሮኒክ የተባለውን የቦሽ ኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን ሲገጥም፣ ለውጡ ሞተሩ ላይ ብቻ አልቆመም። ሞተሩ ከኋላ ቢሆንም የኤሌክትሪክ ፓምፑ ከፊት፣ ከታንኩ አጠገብ ተቀመጠ። በ2 ባር ገደማ ግፊት የሚገፋው ነዳጅ ወደ ሞተሩ ሄዶ፣ የተረፈው በሌላ መስመር ወደ ታንኩ እንዲመለስ ተደረገ። ቢትል እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ለዚያው ገበያ በኢንጀክሽን ሲቀርብም የመልስ መስመር አስፈልጎታል። መሐንዲሶቹ ይህን ያደረጉት ለጌጥ አልነበረም። ካርቡራቶሩ ሲነሣ አብረውት የሚጠፉ ሥራዎች እንዳሉ ስለተረዱ ነበር።

ካርቡራቶር ነዳጅና አየር ከመቀላቀል ሌላ ሦስት ሥራዎችን ያለ ወሬ ይሠራል። በውስጡ ያለችው ተንሳፋፊ የምትቆጣጠራት ትንሽ ገንዳ ነዳጅ ታጠራቅማለች፤ ከነዳጁ ጋር የመጣውን እንፋሎትና አየር ታስወጣለች፤ ያመለጠውን ቆሻሻና ውሃ ከታች ታስቀራለች። ፓምፑ ለጥቂት ሰኮንዶች አየር ቢስብ እንኳ ሞተሩ ከገንዳዋ እየጠጣ ይቀጥላል። ኢንጀክሽን ሲገጠም ገንዳዋ ትነሣለች፤ ሦስቱ ሥራዎች ግን አይነሡም። ተረካቢያቸውም ታንኩና አካባቢው ነው።

የመጀመሪያው ሥራ፦ ማጠራቀም

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ፣ ሬዲየሱ 15 ሜትር በሆነ አደባባይ የሚዞር መኪና ላይ የሚያርፈው የጎን ፍጥነት ለውጥ ከስበት ኃይል ግማሽ በጥቂቱ ያነሰ፣ ማለትም 0.47 ያህል ነው። በዚህ ጊዜ በታንኩ ውስጥ ያለው የነዳጅ ገጽ 25 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ለስሌት እንዲመች ወለሉ 60 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ታንክ እንውሰድ። 10 ሊትር ነዳጅ በዚህ ወለል ላይ ሲተኛ ጥልቀቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ሲዞር ግን ነዳጁ ወደ ውጪኛው ጎን ተከምሮ ከ60ው ሴንቲ ሜትር ስፋት 33ቱን ያህል ብቻ ይሸፍናል። እኛ አገር አደባባይ የሚዞረው ወደ ግራ ስለሆነ ነዳጁ የሚከመረው በቀኝ ነው። የፓምፑ መሳቢያ በግራ በኩል ከሆነ የሚያገኘው አየር ብቻ ይሆናል። ባለካርቡራቶር መኪና ይህን አያውቀውም፤ ባለኢንጀክሽን ግን ወዲያው ግፊት አጥቶ ይጠፋል።

መፍትሔው በመሳቢያው ዙሪያ ነዳጅ የሚይዝ ትንሽ ማቆሪያና ማዕበሉን የሚሰብር መከፋፈያ ላሜራ ነው። ሆኖም የማቆሪያው መኖር ብቻውን በቂ አይደለም፤ የመልሱ መስመር የት እንደሚፈስ ወሳኝ ነው። 50 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በሰዓት 15 ሊትር ገደማ ያቃጥላል፤ ፓምፑ ግን በሰዓት 100 ሊትር ሊገፋ ይችላል። መልሱ ተመልሶ ወደ ማቆሪያው ከገባ፣ አንድ ሊትር የያዘ ማቆሪያ ሞተሩን ለ4 ደቂቃ ያህል ያኖረዋል። መልሱ ከማቆሪያው ውጪ፣ ለምሳሌ በመሙያው አንገት በኩል ከፈሰሰ ግን ያው አንድ ሊትር በ36 ሰኮንድ ያልቃል። የዕቃው ዋጋ አንድ ነው፤ የሚለየው የአንዲት ቱቦ መድረሻ ነው።

ሁለተኛው ሥራ፦ እንፋሎትን ማስወጣት

በዚህ ነጥብ ላይ ከውጭ የሚመጡ የመግጠሚያ መመሪያዎች ብቻቸውን አይበቁንም። አብዛኞቹ የተጻፉት ከባሕር ወለል ብዙ ከፍ ለማይሉ አገሮች ነው። ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፤ በባሕር ወለል ግን 101 ነው። ፓምፕ ነዳጅን የሚስበው በዚህ ግፊት እየተረዳ ስለሆነ፣ በእኛ ከተማ ከመነሻው ሩቡን ያህል እርዳታ አጥቷል።

ጉዳቱ ከሩብ በላይ መሆኑን ለማየት አንድ ስሌት ይበቃል። በ37.8 ዲግሪ ሴልሲየስ የእንፋሎት ግፊቱ 60 ኪሎ ፓስካል የሆነ ቤንዚን እንውሰድ። በባሕር ወለል ላይ ነዳጁ ከመፍላቱ በፊት 41 ኪሎ ፓስካል መጠባበቂያ አለው፤ አዲስ አበባ ላይ የሚቀረው 16 ብቻ ነው። ከዚህም ላይ ፓምፑ ከታንኩ ወለል 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከተገጠመ 2 ኪሎ ፓስካል ያህል ይቀነሳል፤ ጠባብ ቱቦና በከፊል የተደፈነ ፊልትሮ ደግሞ የየራሳቸውን ይወስዳሉ። የታንኩ መተንፈሻ ከተዘጋ በውስጡ የሚፈጠረው የግፊት ጉድለት የቀረውን ሊያጠፋው ይችላል። በዚህ ላይ ከሞተሩ አካባቢ የሚመለሰው ነዳጅ ሙቀት ይዞ ይመጣል፤ ታንኩ እየጎደለ በሄደ ቁጥር ያ ሙቀት የሚያርፈው በጥቂት ነዳጅ ላይ ነው።

ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሻገረውን መንገድ እናስብ። መኪናው ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ በበረሃው ሙቀት ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያም የሞቀውን ነዳጅ ይዞ በሙሉ ኃይሉ ሽቅብ ይወጣል። ሞተሩ ነዳጅ አብዝቶ በሚጠይቅበት በዚያው ሰዓት የአየሩ ግፊት በየሜትሩ እየቀነሰ ነው። ፓምፑ ከታንኩ በላይ ወይም ከታንኩ ርቆ የተገጠመበት መኪና የሚፈተነው እዚህ ነው። ስለዚህ ለደጋ አገር የምሰጠው ምክር አጭር ነው፤ ፓምፑ በታንኩ ውስጥ ወይም ከታንኩ ወለል በታች ይሁን፤ የመሳቢያው መስመር አጭርና ሰፊ ይሁን፤ መተንፈሻው ክፍት ሆኖ ጫፉ ከተሳፋሪው ክፍል ውጪ ይውጣ። የመጨረሻው ምክር በተለይ ለቢትል ይሠራል፤ ታንኩ የተቀመጠው ከተሳፋሪው እግር ፊት ለፊት ነውና።

ሦስተኛው ሥራ፦ ደለልን ማስቀረት

ዐርባና ሃምሳ ዓመት ያገለገለ የብረት ታንክ ውስጡ ዝገት ቢኖርበት አይገርምም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ 5 በመቶ፣ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን አዲስ አበባ ላይ ለገበያ ቀርቦ እንደነበር ይታወሳል። ኢታኖል ውሃ ይስባል፤ ውሃው ከበዛ ከቤንዚኑ ተለይቶ ከታንኩ ወለል ላይ ይተኛል፤ የፓምፑ መሳቢያም ያለው እዚያው ነው። ኢታኖል ላልታሰበለት አሮጌ የጎማ ቱቦም አይስማማውም። ካርቡራቶር ጥቂት ዝገት ቢገባበት ተፈትቶ በነፋስ ይጸዳል። የኢንጀክተር ቀዳዳ ግን ያን ያህል ትዕግሥት የለውም። ስለዚህ አሮጌውን ታንክ ሳይመረምሩና ሳያጸዱ አዲስ ኢንጀክተር መግጠም ንጹሕ ውሃን በቆሸሸ እንስራ እንደ መቅዳት ነው።

ግፊትና እሳት

እስካሁን ያነሣሁት መኪናው ቆሞ ስለሚቀርበት ችግር ነው። ከዚህ የሚከፋ አለ። የቢትል ካርቡራቶር የሚመገበው በ0.2 ባር ገደማ ነበር፤ በኢንጀክሽን ግፊቱ 2.5 ባር ገደማ ይደርሳል። ግፊቱ ከ12 እጥፍ በላይ ሲያድግ በአንዲት ስንጥቅ የሚወጣው ነዳጅ 3.5 እጥፍ ያህል ይሆናል። አወጣጡም ይለያል፤ በፊት የሚንጠባጠበው አሁን እንደ ጉም ይረጫል። ለካርቡራቶር የተሠራ ቱቦና ማሰሪያ በዚህ መስመር ላይ መቅረት የለበትም። ፓምፑ ታንክ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ቱቦው ውጪውም ጭምር በነዳጅ ተነክሮ እንዲኖር የተሠራ መሆን አለበት።

የቀድሞዎቹ መሐንዲሶች ሌላም ነገር አስበው ነበር። በኤል-ጄትሮኒክ ሥርዓት ሞተሩ አየር መሳብ ሲያቆም የፓምፑ ኤሌክትሪክ ይቋረጣል። መኪናው ተጋጭቶ ሞተሩ ቢጠፋ ፓምፑም ዝም ይላል ማለት ነው። ፓምፑን በቀጥታ ከቁልፉ መስመር ጋር ያገናኘ ጋራዥ ይህን ጥበቃ ሳያውቀው አስወግዶታል፤ በዚያ መኪና ላይ አደጋ ቢደርስ ቁልፉን የሚያጠፋ ሰው እስኪገኝ ድረስ ነዳጁ በተሰበረው መስመር መረጨቱን ይቀጥላል።

ታንክን ማዛወርም ቀላል ውሳኔ አይደለም። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1978 ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ፒንቶና ቦብካት መኪኖችን የጠራው ታንካቸው ከኋላ ሲገጩ ለእሳት የተጋለጠ በመሆኑ ነበር። ከእርማቶቹ መካከል አንዱ በታንኩና በአክስሉ አካባቢ መካከል የገባ የፕላስቲክ መከለያ ነው። ከዚህ የምንማረው የታንክ አቀማመጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲለወጥ የሰው ሕይወት ሊለወጥ እንደሚችል ነው። ማቆሪያ ለማስገባት ቦታ ስንፈልግ ይህን ማስታወስ ይገባናል።

ግማሽ የሻይ ማንኪያ

ወደ መነሻው ቮልስ ዋገን ልመለስ። ጥፋቱ ታንኩ ላይ መሆኑ ሲታወቅ ታንኩን ቆርጦ ማቆሪያ ለመበየድ ተወሰነ። ታንኩ በሳሙና ታጥቦ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ውሎ ነበር። ሽታው ተለክቶ እንደሆነ በያጁን ጠየቅሁት። «ወንድሜ፣ ታጥቧል፤ ሁለት ቀን ሙሉ ደርቋል። ከዚህ በኋላ ምን ይቀረዋል?» አለኝ። ጥያቄው የንቀት አልነበረም፤ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነበር። እኔ ግን በዚያች ሰዓት በቁጥር የምመልሰው አልነበረኝም። «ለማንኛውም ነገ ይሁን» ብዬ ለመንኩት።

ስሌቱን የሠራሁት ማታ ነው። የቤንዚን እንፋሎት በአየር ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን በእሳት ፍንጣሪ ይፈነዳል። 40 ሊትር የሚይዝ ባዶ ታንክ በአዲስ አበባ የአየር ግፊትና በ20 ዲግሪ ሙቀት ከዝቅተኛው ወሰን ላይ እንዲደርስ የሚያስፈልገው ፈሳሽ ቤንዚን 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ይህ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በላሜራው መጋጠሚያና በዝገቱ ሥር ተደብቆ ሊቀር የሚችለው ከዚህ ሊበልጥ ይችላል፤ የብየዳው ሙቀት ደግሞ ከተደበቀበት ያወጣዋል። ሙሉ ታንክ ያስፈራል፤ ባዶው ግን ይበልጥ ሊፈራ ይገባል፤ በውስጡ ለመፈንዳት የሚበቃ አየር አለና።

በማግስቱ ቁጥሩን ይዤ ሄድኩ። በያጁ ሰምቶ ዝም አለ፤ ከዚያም ታንኩን ወደ ጎን አደረገው። ማቆሪያው ነዳጅ ነክቶት ከማያውቅ አዲስ ላሜራ ለብቻው ተበየደ፤ ከታንኩ ውጪ፣ ከወለሉ በታች ታሰረ፤ የመልሱም መስመር ወደ እርሱ ተመለሰ። አሮጌው ታንክ አልተቆረጠም።

ተቃውሞዎችና ምላሻቸው

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከጥንታዊ መኪና ወዳጆች ይመጣል። መኪናው ቅርስ ከሆነ ለምን ይነካል? ይላሉ። ሐሳቡን አከብራለሁ። ሆኖም ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን የተቀበለው የቱሪን ቻርተር እንኳ ለአገልግሎት ሲባል የሚደረግ ለውጥ ውስን ሆኖ ወደ ነበረበት መመለስ እንዲችል ይጠይቃል እንጂ ለውጥን ጨርሶ አይዘጋም። የተቆረጠ ታንክ አይመለስም፤ በውጪ የታሰረ ማቆሪያ ግን ይፈታል። ስለዚህ የደኅንነቱ መንገድና የቅርስ ጥበቃው መንገድ እዚህ ላይ አንድ ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጊዜው የኤሌክትሪክ መኪና ነው የሚል ነው። እውነት ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገልጿል። ነገር ግን ውሳኔው ቀድሞ የገቡትን ከመንገድ አላስወጣም። አዲስ የማይገባ ከሆነ ያለው ረዘም ላለ ጊዜ እየተጠገነና እየተሻሻለ ይኖራል ብሎ መገመት ተገቢ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ እየቀረበ እንጂ እየራቀ አይደለም።

ሦስተኛው የዋጋ ጥያቄ ነው፤ ይህንንም ቀላል አላደርገውም። በውጪ የሚታሰር ማቆሪያ ተጨማሪ ፓምፕ ሊፈልግ ይችላል፤ መጋጠሚያዎችን ያበዛል፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያም ሊያፈስ የሚችል ቦታ ነው። ስለዚህ ፍጹም መፍትሔ ነው አልልም። ነገር ግን መጋጠሚያ ይታያል፣ ይዳሰሳል፣ ይጠበቃል። በአሮጌ ታንክ ውስጥ የቀረ እንፋሎት ግን በዓይን አይታይም።

ከእኛ የሚጠበቀው

ከዩኒቨርሲቲው የሚጠበቀውን በሦስት ነጥብ ልጠቅልል። አንደኛ፣ ለደጋ አገር የተሰላ፣ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ፣ በአማርኛ የተጻፈ የታንክ ማሻሻያ መመሪያ አዘጋጅተን ለጋራዦች እናድርስ። ሁለተኛ፣ በቤተ ሙከራችን ታንክን እስከ 25 ዲግሪ የሚያዘነብል ቀላል ጠረጴዛ እንሥራ፤ በውሃ የሚደረግ ፍተሻ ብቻ እንኳ የመሳቢያውን ቦታ ስሕተት መኪናው መንገድ ከመውጣቱ በፊት ያሳያል። ሦስተኛ፣ ታንክ ሳይበየድ መቅረት የማይችልበት ጉዳይ ሲያጋጥም፣ ተቀጣጣይ ጋዝ የሚለካ መሣሪያ ከሚለካ ተማሪ ጋር ለጋራዦች የሚገኝበትን መንገድ እናመቻች።

እነዚህ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቁም። በምናዘጋጃቸው የመመረቂያ ጥናቶች ውስጥ ከዚህ የረቀቁ ስሌቶች በየዓመቱ እንሠራለን፤ በመደርደሪያም እናስቀምጣቸዋለን። ያ በያጅ የጠየቀኝ ጥያቄ ግን መልሱ አንድ መስመር ነበር፤ እርሱንም ለማግኘት ያስፈለገኝ የአንድ ምሽት ጊዜ ብቻ ነው። በዚያን ዕለት ሥራው ለነገ ባይተላለፍ ኖሮ መልሱ ማታ መገኘቱ ለማንም አይጠቅምም ነበር። እንዲህ ያሉ መልሶች ብየዳው ከመጀመሩ በፊት በጋራዡ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው መገኘት አለባቸው።